ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ

በ1991 ዓ.ም. ቦሌ መንገድ ላይ አዲስ ፎቶ ቤት ተከፈተ። ኮምፒዩተር አስገብተዋል፣ መቶ ፎቶ ባንድ ጊዜ አንድ ልክ ያደርጋል እየተባለ ይወራ ነበር። የእኔ ፎቶ ቤት ከአትላስ ሆቴል ወረድ ብሎ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ንብረቴም ካሜራዬ፣ ጨለማ ክፍሌና የወረቀት መቁረጫዬ ነው። ደንበኛ ገብቶ «እነዚያ እኮ ወዲያው ነው የሚያደርሱት» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አሁን ሳወራው ያሳፍረኛል እንጂ ጥፋቴ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እትዬ ሐሚዳ የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ሰዲቅ ከእኔ ፊት ለፊት ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ከወሎ መጥተው ሰፈራችን ከገቡ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ሸይማ እሑድ ልታገባ ነው። እትዬ ሐሚዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮና አዲስ አልበም ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ቆርቆሮው ውስጥ ደሴ የተነሱ አርባ አሮጌ ፎቶዎች አሉ። ቁመትና ወርዳቸው እኩል ስለሆነ ከአልበሙ ኪስ በሁለት ጣት ይሰፋሉ።

አንድ ልክ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። ቅዳሜ አልበሙን ለሸይማ በእጃቸው ይሰጧታል፤ እስከዛሬ አንዱንም ፎቶ አይታው አታውቅም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ደንቡ እያንዳንዱን ፎቶ መልሶ ማንሳትና በሚፈለገው ልክ ማጠብ ነው። ዋናው ሳይነካ ይመለሳል፤ ግን ሳምንት ይፈጃል። ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው ወደ ቦሌ መንገድ ዞረ፤ ወይም የዞረ መሰለኝ።

«ለነገ ይደርሳል» አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ፎቶዎቹን አሥር አሥር አድርጌ ደረደርኩ። የላይኛዋን ብቻ አየሁ። በስተቀኝ ባዶ ግድግዳ ነው፤ ማንም የለበትም። እንግዲያው ከቀኝ ሁለት ጣት ይቆረጥ አልኩ። መቁረጫውን አራት ጊዜ ጫን አደረግሁ፣ አለቀ። ቁርጥራጩን ጠርጌ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ፤ ፎቶዎቹንም ሳላስተውላቸው አልበሙ ውስጥ ሰካኋቸው። ይብላኝ ለባለ ኮምፒዩተሮቹ አልኩ በልቤ።

እትዬ ሐሚዳ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸውና አልበሙን ገለጥ ገለጥ ማድረግ ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እጃቸው ቆመ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፤ እንደገና እስከ መጨረሻው ሄዱ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት።

«ይትባረክ፣ ፈሂማ የታለች?»

ፈሂማ የምትባል አላውቅም። እሳቸው ጣታቸውን ሦስተኛው ገጽ ላይ አሳረፉ። አንዲት ሕፃን ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተግራ ጋሽ ሰዲቅ በጎልማሳነታቸው ቆመዋል። በቀኝ በኩል ትከሻዋ ላይ የብር ቀለበት ያደረገ የሴት እጅ አለ። ከአንጓው በኋላ ፎቶው ያልቃል።

ከዚያ በኋላ ያሉኝን ሁሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነው ያሉኝ። ፈሂማ ታላቅ እህታቸው ናት፤ የሸይማም እናት እሷ ናት። ልጅ ሳለች ቀኝ ጉንጯን እሳት ፈጅቷት ነበር፤ ፎቶ በተነሱ ቁጥር ዳር ትቆምና ፊቷን ወደ ልጇ ትመልሳለች። ሸይማ ሦስት ዓመት ሲሆናት ፈሂማ ሞተች። ልጅቷ ባዕድ እንጀራ እናት እንዳታይ ሽማግሌዎች እትዬ ሐሚዳን ለጋሽ ሰዲቅ ዳሩ። ሸይማ ይህን አታውቅም። ፈሂማ ግን ስትሞት አደራ ብላ ነበር፤ ስትዳር ንገሪያት ብላ።

«አንደበት አጣሁ» አሉኝ። «ፎቶው ይናገርልኝ ብዬ ነበር።»

ቆርጬ የጣልኩት የእናቷን ፊት ነው። እጄን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ፣ ከልቤ ነው። ደግነቱ ቅርጫቱ አልተደፋም። ወለሉ ላይ ገለበጥኩትና ተንበረከክሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ በጉልበቴ እየዳኽሁ ለቀምኩ። ከአርባው ቁራጭ ፈሂማ ያለችባቸው አሥራ አንድ ናቸው። ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው። በሁሉም ላይ ወደ አንድ ወገን ትመለከታለች፤ የምታየው ልጅ ግን አጠገቧ የለችም። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ከጀርባ በማጣበቂያ መልሼ እንድለጥፋቸው ለመንኳቸው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈና መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ሦስተኛውን ገጽ መልሰው ገለጡና ያቺን እጅ በጣታቸው ነኩ።

«ተወው፣ አታያይዘው» አሉ በመጨረሻ። «ሸይማ አስተዋይ ናት። ይሄ የማን እጅ ነው ብላ ትጠይቀኛለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የጨነቀኝ ከየት ልጀምር የሚለው ነበር። እሷ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ።»

አሥራ አንዱን ቁራጭ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር «አብሽር» ብለውኝ ወጡ። በዚያ ሰዓት የሚጽናናው እኔ መሆን አልነበረብኝም።

ቅዳሜን እንዴት እንደዋልኩት አላውቅም። ደንበኛ ሲያናግረኝ አልሰማም፤ ዓይኔ የጨርቅ ሱቁ ላይ ነው። ሱቁ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነበር።

እሑድ ሙሽሮቹን የማነሳው እኔ ነበርኩና ካሜራዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሸይማ ዓይኗ አብጧል፤ የተቀባችው ኩል አልሸፈነውም። ቤተሰቡ ለፎቶ ሲደረደር እትዬ ሐሚዳ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ሄደው ዳር ቆሙ። ቦታው ከእንግዲህ የእሳቸው እንዳልሆነ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሸይማ ግራ ቀኝ አየች።

«እማ» አለቻቸው፤ «ወደኔ ነይ።»

እትዬ ሐሚዳ መጥተው ከጎኗ ቆሙ፤ እጃቸውን ግን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ሸይማ አንስታ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችው። ጣቷ ላይ ፎቶው ላይ ያየሁት ያ የብር ቀለበት ነበር። እኔም ከማንሳቴ በፊት ዳርና ዳሩን ደግሜ አየሁ።