የተኛ ላይ አይጨመርም

ከማሉዲን እባላለሁ፤ ከሞትኩ ቆየሁ፤ ቆቦ ካለችው ላብራቶሪዬ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ለምን እዚህ እንደተተውኩ አላህ ይወቀው። በቁሜም ግትር ነበርኩ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

አንድ ቀትር ላይ ልጄ ኑሀ ብቻዋን መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ ማግኒዥየም አሚድ መሥራት ነው፤ አየርና እርጥበት ሲነካው የሚበላሽ አመለ ቢስ ቅመም። ብልቃጡን በናይትሮጅን ሞልታ የማግኒዥየሙን ፍቅፋቂ እሳት ቶሎ በሚይዘው ኤተር ውስጥ ነከረች፤ ማግኒዥየሙን የሚቀሰቅሰውን ፈሳሽ፣ ክሎራይዱን፣ ጠብ ጠብ ታደርግበት ጀመር። ይሄ ነቅቶ መፍላት ሲጀምር ነው ቀጣዩ ቅመም፣ አሚኑ፣ የሚገባው። አልነቃ አለ።

የተኛ ላይ አይጨመርም ብዬ ስንቴ ለፍልፌያለሁ! እሷ ግን ቸኮለች። የቀረውን ክሎራይድ ለቀቀችበት፣ ከሥሩ ማሞቂያ አበራች፣ አሚኑን ልትመዝን ጀርባዋን ሰጠች። ችኮላዋ የእኔው ነው፣ ማንን ልውቀስ።

ወዲያው የቧንቧው ውሃ ጠፋ። እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በቆመበት ሰዓት በብልቃጡ የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ነቃ፤ ጠቆረ፣ ተንተከተከ። ኤተሩ ገንፍሎ ማሞቂያው ላይ ከፈሰሰ ልጄ አለቀላት።

"ኑሀ!" አልኩ።

ሰማች። እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ፤ ግን ዝም። በቀትር የማታዪው ሰው ሦስቴ ካልጠራሽ አቤት እንዳትዪ፣ ጂን ከሁለቴ በላይ አይጠራም ብዬ ያሳደግኳት እኔው ነኝ። ምላሴን በቆረጠው!

"ኑሀ!" ደገምኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጠራት ስል ድምፅ የለኝም። ለካ ለእኛ ለሙታንም የተሰጠን ሁለት ጥሪ ብቻ ነው። በሕይወቴም በሞቴም እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

እሷ ሳትዞር፣ እንባ በያዘው ድምፅ፣ "አባዬ?" አለች።

መጥራት እንጂ መልስ መስጠት አልተከለከልኩም።

"አቤት።"

አዑዙ ቢላህ እያለች በሩን በርግዳ ወጣች። ብልቃጡ ፈነዳ፤ እሷ የቆመችበት ቦታ በእሳት ተያያዘ።

ጎረቤት በአሸዋ አጠፋው። ደጃፉ ላይ ምን ነካሽ ሲሏት ሰማኋት።

"የአባቴን ድምፅ ይዞ ጂን መጣብኝ" አለች።

ያሳደግኳት ልጅ፣ ጂን አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪዋ ተዘግታለች፤ ኑሀ በዚህ በኩል ስታልፍ መንገዱን ተሻግራ፣ ዱዓ እያነበነበች ነው። በመስኮት አያታለሁ። ፊቷ ላይ አንድም ጠባሳ የለም።

ትፍራኝ።