ቆዳ የሌላት ኩይ

ማማ ዞይላ በገበያው መሀል ስታልፍ ሴቶቹ ምራቃቸውን ጢቅ እያሉ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሰበሰቡ። እነዚያው ልጆች በእሷ እጅ የዳኑ ናቸው።

ነገሩ የተነሳው ከኩይ ነው። ዞይላ በሽተኛ ሲመጣላት ጥቁር ኩይ፣ ያችን በየጓዳው የምትርመሰመስ ጭራ የሌላት እንስሳ፣ ይዛ ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ ታሸዋለች። ኩይዋ በሽታውን ተቀብላ ትሞታለች። ከዚያ ቆዳዋን ገፍፋ፣ ሆዷን ከፍታ፣ ደዌው የት እንደተቀመጠ ታያለች። በመጨረሻ ሆዷን በአመድ ጠቅጥቃ ወንዝ ዳር ትቀብራታለች። ለመብል የምትጠበስ ኩይ ግን ፀጉሯ በፈላ ውሃ ይነጫል እንጂ ቆዳዋ አይገፈፍም።

ባለፈው እሁድ ታዲያ በጥብስ ሻጯ በዴልፊና መደብ ላይ ቆዳ የሌላት ኩይ ታየች። ዴልፊና ስትጠየቅ አይኗን በጨው አጥባ፣ "ከማማ ዞይላ ነው የገዛኋት፤ የበሽተኛ መሆኗን በምን ልወቅ?" አለች። እስኪመሽ ድረስ ወሬው አድጎ ሌላ ሆነ። ዞይላ ያወጣችውን በሽታ መልሳ የምታበላን ደንበኛ እንዳይጠፋባት ነው ተባለ።

መንደሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። የመንደሩ አለቃ ዶን ኒካኖር፣ እሷው ራሷ ወገቡን ያቃናችለት፣ ፊቷን ሳያይ ተናገረ።

"ማማ ዞይላ፣ ሰው ስለፈረደብሽ ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ አትነኪም።"

"እኔ የቀበርኩትን አልሸጥኩም" አለች።

"ውሸታም!" ብሎ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ጮኸ። "ቆሻሻ ነው ያበላችሁን ሁለታችሁም! አሸዋው በጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነበር!"

ዴልፊና ተስፈንጥራ ተነሳች። በሙያዋ የመጣባትን አትችልም።

"ኧረ በሕግ! በኔ ጥብስ ላይ አሸዋ? አመዱንም አፈሩንም ውሃው እስኪጠራ ነው ያጠብኩት!"

"የምን አፈር?" አለች ዞይላ።

"ከእጄ የገዛሻት ከሆነ አፈሩ ከየት መጣ፣ ልጄ? የቀበርኳትን ቆፍረሽ አወጣሽ?"

ዴልፊና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አንዷ ሴትዮ አፏን ይዛ ወደ በሩ ሮጠች፣ ሌሎችም ተከተሏት። ይቅርታ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ዞይላ በሯን ስትከፍት መንደሩ በሙሉ ተሰልፏል። እያንዳንዱ በብብቱ ጥቁር ኩይ ይዟል።

"ማማዬ፣ አውጪልን። ስንቷን ቆፍራ እንዳበላችን፣ የማንን በሽታ እንደበላን እንኳ አናውቅም!"

ዴልፊናም መሀላቸው ነበረች። "እኔም እኮ ቀምሼ ነው የምሸጠው" አለች አንገቷን ደፍታ።

ትናንት የተፉባት አፎች ዛሬ እጇን ሊስሙ ሲሽቀዳደሙ ዞይላን አንገፈገፋት። በሯን ልትዘጋባቸው ፈለገች። ግን ልጆችም አሉ፣ እነሱም በልተዋል። እጅጌዋን ሰብስባ ጀመረች። የሞቱትን ግን አልቀበረችም። ግቢዋ መሀል እሳት አንድዳ፣ ሁሉም እያየ፣ አንድ በአንድ ወረወረቻቸው።

ስቡ እየተንጣጣ፣ ጥብስ ጥብስ የሚሸት ጭስ በሰልፉ ላይ ተንሳፈፈ። ዶን ኒካኖር አፍንጫውን ወደ ጭሱ አቅንቶ ምራቁን ዋጠ። ከጎኑ ያለውም ዋጠ።

ዞይላ አየቻቸው። ዞር ብላ አጥሩ ስር አስታወከች፣ አፏን በነጠላዋ ጠረገችና፣ "ቀጥሉ፣ ማነው ተረኛ?" አለች።