የካሣዬ ረጅም ሳጥን

አናጺው ካሣዬ አሶሳ የመጣው ለአራት ወር ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሞላው። የአንድ ትምህርት ቤት በርና መስኮት ሊሠራ ተስማምቶ ሚስትና ልጁን ትቶ ከፓዌ ወጣ፤ ሥራው ሳያልቅ መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ይባላል፣ ውሸት ይሆናል፤ ተዘጋ ይባላል፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ እውነት ነው። በአባይ ግድብ በኩል ወደ ማንኩሽ፣ ከዚያም ወደ ፓዌ የሚያወጣው መንገድ በእጀባ የሚሄድ የሥራ መኪና ካልሆነ አያሳልፍም። በአዲስ አበባ ዞሮ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ ሁለቴም ከመንገድ ተመልሷል። ሰው በሰፊ ከተማ መሃል ይታሰራል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ካሣዬ ግን ታሰረ። መንገዱ እስኪከፈት ብሎ አንዲት የእንጨት ሥራ ሱቅ ከፈተ።

በዚህ መሃል ልጁ ስርጉት ልታገባ ሆነ። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ፣ የግንቦት የመጀመሪያው እሑድ ተባለ። አባት ይህን ሁሉ የሰማው በስልክ ነው። ሚስቱ አይናለም አለቀሰችበት፤ እሱን ቻለው። ያልቻለው ልጅቷ ያለችውን ነው።

«አባባ፣ አታስብ። አጎቴ ይመርቀኛል።»

እንግዲህ ሴት ልጅ ከወላጆቿ ቤት የምትወጣው ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። አባት በሕይወት እያለ ልጁ የሌላ ሰው ጉልበት ልትስም? ካሣዬ ያን ቀን ሥራ አልሠራም።

ኢንጂነር በኃይሉ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ግድቡ አካባቢ የሚሠራ፣ ከአሶሳ ማንኩሽ የሚመላለስ ሰው ነው። አራት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ይዞ ገባ፤ ቀጫጭን፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ። ጡረታ ለሚወጣው አለቃቸው የተገዙ ስጦታዎች ናቸው፤ ሰውዬው ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው። ሽኝቱ ቅዳሜ ማታ ማንኩሽ ላይ ስለሆነ፣ በኃይሉ ዘንጎቹ የሚተኙበት ያማረ የእንጨት ሳጥን ፈለገ። ካሣዬ ዋጋ አልጠራም። የመንገዱን ነገር፣ የሰርጉን ነገር አንድ በአንድ አጫወተው። ኢንጂነሩ ልቡ ራራና ቃል ገባ፦ ሳጥኑ ይድረስ እንጂ ቅዳሜ ጠዋት የፊተኛው ወንበር ያንተ ነው፣ ከማንኩሽ ፓዌ የሚያደርስህም አላጣም አለው። ዘንጎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ መስክ ሥራው ሄደ።

አሁን ጥፋቱን ልንገራችሁ። ካሣዬ ሙያውን የተማረው ከወላጆቹ ጋር በሰፈራ ከወሎ ከመጡ አንድ ሽማግሌ አናጺ ነው። የሽማግሌው ሕግ አንድ ነበር፦ ዕቃውን በሜትር ጠይቅ፣ ባለቤቱን አትጠይቅ፤ የሚጠይቅ አናጺ ገና ተማሪ ነው። ካሣዬም ዘንጎቹን እንደቆሙ ለካቸው። ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲም። እሱ የሚያውቀው ዓሣ አጥማጅ መረብና መንጠቆ ይዞ ወንዝ የሚወርደውን ነው፤ እንዲህ ያለ ዘንግ አይቶ አያውቅም። ቀርከሃ የሚሸጠው የበርታ ጎረቤቱ ሐምዳን የእንጨቱን ርዝመት ሲያይ ጢሙን አሻሸ። ደውልና ጠይቀው፣ ስልክ ምን አደረገህ አለው። ካሣዬ ተቆጣ። ሠላሳ ዓመት እንጨት ስልግ ኖሬ፣ ስለ ሳጥን ደግሞ ሰው ልጠይቅ? አለ። አይ ካሣዬ፣ ኩራቱ እራቱ!

ሳጥኑ ግን፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ድንቅ ሆነ። ለአንድ ቀን ይሆነኛል ብሎ ያቆየውን የደረቀ ዋንዛ አወጣ። ሚስማር የሚባል አላስነካውም፤ ማዕዘኖቹን በመሮ ጥርስ እያወጣ አናክሶ በኮላ ዘጋቸው። ለእያንዳንዱ ዘንግ መተኛ ፈልፍሎ ውስጡን ቀይ ከፈይ አለበሰው። በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ስርጉትን ያስባል፤ ቫርኒሽ ሲቀባው ስርጉትን ያስባል። ዘላለም እንዳይፈታ አድርጎ ሠራው።

ቅዳሜ ማለዳ በኃይሉ ሁለት ባልደረቦቹን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ መጣ። እጀባው ሊነሳ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ሳጥኑን ሲያይ መጀመሪያ ፊቱ በራ፣ ቀጥሎ ግንባሩ ተቋጠረ። ለምን እንዲህ ረዘመ አለና አንዱን ዘንግ አንስቶ መሃሉ ላይ ጠምዘዝ ሲያደርገው፣ ዘንጉ ለሁለት ተለያየ። ካሣዬ ሁለቱን ቁራጭ አይቶ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ለካ ተፈታትቶ የሚገጠም ዘንግ ኖሯል፤ የሳጥኑ ግማሽ ይበቃ ነበር።

የመኪናው ጭነት ላይ በርሜል ሞልቷል። ጣራው ላይ እንዳያስሩት፣ ረጅም ሳጥን ከላይ የጫነ መኪና በየኬላው መሣሪያ ነው እየተባለ ሲፈተሽ ይውላል። ያለው አንድ መንገድ ነው፤ ሳጥኑ ከፊት መስተዋቱ ሥር ተነስቶ፣ በፊተኛው ወንበር ላይ አልፎ፣ በሁለቱ ባልደረቦች መሃል እስከ ኋላ ይዘረጋል። የፊተኛው ወንበር ደግሞ የካሣዬ ነበር። ላሳጥረው ብሎ መጋዝ አነሳ፤ ግን የራሱን ሥራ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

በኃይሉ አፈረ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ላሳይህ ይገባኝ ነበር፣ በሁለት ሳምንት ተመልሼ እወስድሃለሁ አለ። ሁለት ሳምንት! ሰርጉ ነገ ነው። አራት ዓመት የተዘጋ በር ገና ገርበብ ሲል፣ በገዛ እጁ መወርወሪያ ሠርቶለት ኖሯል። ካሣዬ ከራሱ በቀር የሚረግመው ሰው አጣ።

«ኢንጂነር፣» አለ መጋዙን አስቀምጦ፣ «ትርፍ የሆነው አንገቴ ብቻ ነው። እሱን እኔ አጎነብሰዋለሁ።»

አጎነበሰም። የወንበሩን የራስ መደገፊያ ነቀሉት፣ ካሣዬ አገጩን ደረቱ ላይ ደፍቶ ተቀመጠ፣ ሳጥኑ ማጅራቱ ላይ ተጋደመ። ሐምዳን ሻርፑን አውልቆ አንገቱ ላይ ጠቀለለለትና በሩን ከውጭ ገፍቶ ዘጋው።

ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሄደ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ዋንዛው ይቀጠቅጠዋል። ወደ ቆላው ሲወርዱ ሙቀቱ በረታ፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ እጁን አንስቶ አይጠርገውም። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ አውርዱኝ ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አባይን ሲሻገሩ ባልደረቦቹ እዩት፣ እዩት ተባባሉ። ካሣዬ ያየው የገዛ ጫማውን ነው። አራት ዓመት ሙሉ የተመኘው መንገድ፣ አንዲት ስንዝሯን እንኳ ሳያያት አለቀች።

ማንኩሽ ሲደርሱ ሳጥኑ ተነሳለት፤ አንገቱ ግን አልተነሳም። ቢያሹት፣ በሙቅ ውኃ ቢተኩሱት ወይ ፍንክች። አለቃው ሳጥኑን ሲያይ ዘንጎቹን ረሳቸው አሉ፤ ካሣዬ በሰው ቤት ተጋድሞ ሰማው፣ ደስታም አልተሰማው። በኃይሉ ቃሉን አላጠፈም፤ በማግስቱ ማለዳ ወደ ፓዌ በሚሄድ መኪና አሳፈረው።

ቀትር ላይ ዳሱ ውስጥ ገባ። ሰው ያየው አንገቱን ደፍቶ የሚመጣ አባት ነው። ዘግይቶ ስለመጣ አፍሮ ነው ብለው ሽማግሌዎቹ አዘኑለት፤ አይናለም ታሞ መስሏት ደረቷን ያዘች። አጎትየው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀ። ስርጉት በነጭ ልብሷ ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

ብዙ አባት በዚያች ሰዓት ወደ ዳሱ ጣራ ቀና ይላል፤ ዕንባውን ልጁ እንዳታይበት ነው። ካሣዬም ቀና ሊል ታገለ፣ አንገቱ እምቢ አለው። ስርጉት ከጉልበቱ ቀና ስትል የአባቷ ፊት ከፊቷ ላይ ነበር፣ አንድ ስንዝር አይርቅም። ዕንባው በአፍንጫው ጫፍ እየወረደ እጇ ላይ ሲንጠባጠብ አየችው። ሲያጠናው የሰነበተው ምርቃት ከአፉ ጠፋ።

«መንገዱ እኮ ነው ልጄ፣» አለ፤ «መንገዱ ነው እንጂ እኔ አልቀረሁም።»

ስርጉት ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና እንደተንበረከከች ቀረች። ሚዜዎቹ ሰዓት ሄደ ቢሉ የሚሰማቸው አላገኙም።