ሃሪዳስ የማን ሎሌ ነው?

በላም አላቢው በማንጋት አገር፣ በሕንድ፣ ለሕፃን ስም የምታወጣው የአባቱ እህት ናት። ስለዚህ ማንጋት ወንድ ልጅ ሲወለድለት ታላቅ እህቱ ፑልማቲ ከማቱራ ከተማ በአውቶብስ መጣች። ሕፃኑን ታቀፈችና ስሙን በጆሮው አንሾካሾከችለት። ከዚያ ለተሰበሰበው ጎረቤት ጮክ ብላ፣ «ሃሪዳስ!» አለች።

የማንጋት ፊት ደም መሰለ።

«ምን አልሽ እትዬ?»

«ሃሪዳስ ነዋ! የሳንስክሪት ስም ነው። ሃሪ ማለት ጌታችን ቪሽኑ፣ ኃጢአታችንን የሚወስድልን። ዳስ ደግሞ...»

«ዳስ ደግሞ ሎሌ! እሱንማ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? አያታችን የባለመሬቱን የታኩሩን በረት ሲጠርግ ሞተ። አባታችን እበት ሲዝቅ ጎበጠ። እኔም ይኸው! ገና ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠውን ልጄን ደግሞ ሎሌ ትይልኛለሽ?»

«አንተ ድንጋይ ራስ! የሰው ሎሌ አልኩ? የሃሪ ነው ያልኩት! የጥንት መዝሙረኞች እንኳ በዚህ ስም ሲጠሩ ይኮሩበት ነበር።»

«መዝሙረኛ ላም አያልብማ!» አለና ለእንግዶች የቀረበውን የጣፋጭ ትሪ በእግሩ ገለበጠው።

ሚስቱ ሳርላ፣ «ኧረ በልጄ ቀን!» ብላ አለቀሰች።

ይህን ጊዜ የመሬቱ ባለቤት ታኩሩ ከዘራውን እያወዛወዘ በር ላይ ደረሰ። ስሙን ከመንገድ ሰምቶት ኖሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ጎሽ ማንጋት! ሎሌ ወለድክልኝ አሉ። ጠንከር ሲል ወደ በረቱ ላከው።»

ጎረቤቱ ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ማንጋት በእህቱ ላይ የነደደው ንዴት ሳይበርድለት ወደ በሩ ዞረ።

«ስሙን በደንብ አልሰሙትም፣ ጌታዬ።»

«ምን አልክ?»

«ጌታው ማን እንደሆነ ስሙ ላይ አለ። እርስዎ አይደሉም! ከነገ ጀምሮ ላሞችዎን ሌላ ሰው ይለብልዎ።»

ጎጆዋ የቆመችው በታኩሩ መሬት ላይ ነበርና በማግስቱ አስወጣቸው። ማንጋት ማቱራ ወርዶ እህቱ ቤት ተጠጋ፤ ባቡር ጣቢያ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ፑልማቲን ግን ይቅር አላላትም። በጣሪያዋ ሥር እያደረ፣ እንጀራዋን እየበላ፣ ለብዙ ጊዜ የሚያናግራት በሳርላ በኩል ነበር።

ልጁ አድጎ ሰፈር ውስጥ መጫወት ሲጀምር ጓደኞቹ ስሙን አሳጥረው፣ «ዳስ! ና ዳስ!» ይሉታል። ይሄኔ ማንጋት ምግቡን ጥሎ በባዶ እግሩ ይወጣል።

«ሙሉውን ጥሩ፣ እናንተ ባለጌዎች! ሃሪን የት ጣላችሁት?»