ከሥሩ ጽሑፍ ያለው ፊልም

ልብስ ሰፊዋን ግትር ነሽ ቢሏት አትቆጣም፤ እውነት ነዋ። በምትሠራበት ስፌት ቤት የወደደችውን ፊልም ባሏ ካላየ ሞቼ እገኛለሁ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ነዘነዘችው።

«አንድ ሽማግሌ ነው። ዕድሜ ልኩን ልጆቹን ሲዋሽ ኖሮ በስተርጅና ሰብስቦ እውነቱን ያፈርጠዋል። አንጀት ይበላል። እየው!»

«ማልቀስ ካማረሽ ሽንኩርት ክተፊ» ይላታል ግንበኛው።

የነዘነዘችው ለፊልሙ ብላ አልነበረም። ባሏ ፊደል አይለይም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ወረቀት ሲመጣ «መነጽሬን ረሳሁ» ይላል፤ እሷም አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ብትሆን እየተንተባተበች በጆሮው ታነብለታለች። ጉልበቱ ከድቶት ሥራ ከተወ ወዲህ ደግሞ የልጃቸውን ልጅ ቀን ቀን የሚጠብቃት እሱ ነው። ሕፃኗ ሁለት ሽሮፕ ትወስዳለች። ጠርሙሶቹ መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው ጽሑፉ ብቻ። ባለፈው ማክሰኞ የማታውን ጠዋት ሰጣት። ልጅቱ ተኛች፤ ቢቀሰቅሷት፣ ቢቀሰቅሷት እስኪመሽ አልነቃ አለች። ለእናቷ «ስትሮጥ ውላ ደክሟት ነው» አላት። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ሰማች፤ ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ ወዲህ «ንገራት» ስትለው ፊቱን ያዞራል። እንግዲህ ፊልሙ ይንገረው አለች።

ቅዳሜ ልጃቸው ሕፃኗን ይዛ መጣች። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፣ ልብስ ሰፊዋም ክው አለች። ሰዎቹ የሚናገሩት የባዕድ ቋንቋ ነው፤ ንግግሩ ከሥር በጽሑፍ ያልፋል። በስፌት ቤቱ የሁሉም ዓይን መርፌ ላይ ስለሆነ የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ መነጽር የሚሏት፣ ጽሑፉን ድምፅዋን እየቀያየረች ታነብላቸዋለች፤ የሽማግሌውን ሳል ሳይቀር ትስልላቸዋለች። ልብስ ሰፊዋ ከምትሰፋው የቁልፍ ቀዳዳ ቀና ሳትል ፊልሙን በጆሮዋ ጨርሳው ነበር።

ግንበኛው እጅ አልሰጠም። አገጩን ይዞ አፍጥጦ አየ። ሽማግሌው ልጆቹ ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ልጃቸው እንባዋን ስትጠርግ፣ እሱ ከት ብሎ ሳቀ።

«ምኑ ነው የሚያስቅህ፣ አባዬ?»

«አፉን አታይም እንዴ? ፍየል መስሏል እኮ!»

«ይቅር በሉኝ እያለ?»

«እሱማ... ይበል እንጂ።»

ልጅቷ ግራ ገባት። ቆይታ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ሐኪሙ የሽሮፑን መጠን ቀይሮታል። ሁሉንም ጽፌልሃለሁ።»

ግንበኛው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየና «ገባኝ» አለ።

«አልገባውም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ ሴትዮ!»

«አባትሽ አያነብም። ማክሰኞ ልጅሽን የጣላት ሩጫ አይደለም፣ ሽሮፑ ነው። እኔም እያወቅኩ አፌን ይዣለሁ።»

ልጅቷ አባቷን አየችው። «ደብተሬን እያገላበጥክ ጎበዝ ስትለኝ... ያ ሁሉ?»

«ጎበዝ መሆንሽን ግን አውቅ ነበር» አለ፣ ወለሉን እያየ።

ልጅቷ ሕፃኗን ጫማ አደረገችላት፤ ማሰሪያውን ሳታስር አቀፈቻት። በሩ ላይ ዞር ብላ እናቷን አየች። «ፊደል አለማወቁ አይደለም የከፋኝ፣ እማዬ። ያን ቀን ልጄን ሐኪም ቤት መውሰድ ነበረብኝ።» ወጣች።

«ሠላሳ ዓመት ሸፍነሽኝ» አለ ግንበኛው፣ «ዛሬ በልጄ ፊት ራቁቴን አቆምሽኝ።»

«አንተ ከምታፍር ሕፃኗ ትሙት?»

ግንበኛው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

«ሰኞ ታመጣታለች?» አላት በመጨረሻ።

ትናንት ቢሆን «እንዴታ!» ትለው ነበር።

«አላውቅም» አለችው።