ልዑልቃል ቦታ የቀየረበት ዓመት

ወንድሜ ልዑልቃል ኳስ መወርወር የተማረው ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር ካለው አፓርታማችን ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ያኔ ገና ሕፃን ነበር። የሚቀልብለት አባዬ ነው። አባዬ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሥራ ሲገባ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ ይወጣና እጁን ዘርግቶ ይቆምለታል። የአሜሪካ ፉትቦል ፈጽሞ አይገባውም ነበር። «ቆይ፣ ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ ጠብ?» ይለን ነበር። ግን ልጁ የወረወረውን ሁሉ ይቀልባል። አንዴ ጣቱ አብጦ እያለ እንኳ «ምንም አልሆንኩም፣ ድገመው» ማለቱ ትዝ ይለኛል።

ልዑልቃል ሃይስኩል ሲገባ ኳርተርባክ ሆነ፤ ኳሱን የሚወረውረው፣ ጨዋታውን የሚመራው ማለት ነው። አባዬ ይህ ሲገባው ደረቱ ተነፋ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ላገኘው ሁሉ «አዛዡ እሱ ነው፤ እሱ ሳይናገር ማንም አይንቀሳቀስም» እያለ ያስረዳ ነበር። በኋላም እዚሁ ሲያትል ኮሌጅ ገብቶ መጫወት ሲጀምር ቅዳሜዎቻችን ሁሉ የእሱ ሆኑ። እማዬ ከዝናብ ልብሷ ሥር ነጠላዋን ለብሳ ትመጣለች። ጠልፈው በጣሉት ቁጥር ዓይኗን ጨፍና «እመብርሃን!» ትላለች፤ አጠገቧ የሚቀመጡት ፈረንጆች ቃሉን ለምደውት አብረዋት ይጮኹ ነበር። እነዚያ ቅዳሜዎች ሲናፍቁኝ ይኖራሉ።

ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ትከሻው ተጎዳ። ኦፕሬሽን ተደረገ፤ ዳነ፤ ክንዱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በዚያው ሌዊ የሚባል ከስፖኬን ከተማ የመጣ ልጅ፣ ገና ጀማሪ፣ ቦታውን ያዘ። በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት አንድ ቀን ልዑልቃል እራት ላይ እንዲህ አለን፦

«ኮች ታይት ኤንድ ሁን አለኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አባዬ።

«መስመሩ ጫፍ ላይ የሚቆመው ነው። የሚመጡትን ይገፋል፣ ለሌላው መንገድ ይከፍታል። አንዳንዴ ኳስ ይቀልባል።»

«መወርወርስ?»

«መወርወር የለም፣ አባዬ።»

አባዬ የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠው። «ሌላ ኮሌጅ የለም? ሁሉም ይቀያይር የለም እንዴ?»

«ኮል ያደረጉልኝ አሉ። ግን የቀረኝ አንድ ዓመት ነው፤ እዚሁ መጨረስ እፈልጋለሁ። ሶ… እሺ አልኩት።»

«ሳታማክረኝ?»

ልዑልቃል በእንግሊዝኛ መለሰ። ቁጭ ብሎ ማየት ሰልችቶኛል ነው ያለው። አባዬ ተነስቶ እጁን ታጠበ። ለብዙ ሳምንታት ፉትቦል በቴሌቪዥን ሲመጣ ቻናል ይቀይር ነበር።

ለዚያ ቦታ ወንድሜ ቀጭን ነበርና ክብደት ጨምር ተባለ። ይህን ያሉት ደግሞ በሁዳዴ ነው። እማዬ «አንተ ብላ፤ የንስሐ አባታችንን እኔ አናግርልሃለሁ» ብትለው አሻፈረኝ አለ። ሁዳዴን አፍርሶ አያውቅም። ስለዚህ ሽሮ በላ፣ ምስር በላ፣ አቮካዶ በላ፤ የለውዝ ቅቤ በማንኪያ እየዛቀ ዋጠ። ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ካለው ሥራዬ ስመለስ ሁልጊዜ እያኘከ ነው የማገኘው።

«ፍየል እንኳ እንዲህ አያመነዥክም!» አልኩት አንድ ቀን።

«ማህደር፣ አታስቂኝ፤ ያንቀኛል» አለኝ አፉ እንደሞላ። ለፋሲካ ሸሚዙ አንገቱ ላይ አልቆለፍ አለ።

ከክብደቱ ይልቅ ያስቸገረው መቅለቡ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲወረውር የኖረ እጅ መቀበል አልለመደም። ልምምድ ላይ ኳሱ ደረቱን እየመታ ሲወድቅ ይሳቅበት ጀመር። አንድ እሑድ እኔን ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣና እንደምንም እወረውርለት ጀመር። አባዬ ከፎቅ ሲያየን ቆይቶ ወረደ።

«እጅህን አታድርቀው» አለው። «ሲመጣ አብረኸው ወደ ኋላ ተመለስ። እንቁላል ነው ብለህ ያዘው።»

«አንተን ማን አስተማረህ?»

«ማን ያስተምረኛል? አንተ ነሃ! ስንት ዓመት ሙሉ ስትወረውርብኝ!»

ልዑልቃል መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። አባዬ ኳሱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ይወረውርለት ጀመር። ውርወራው አያምርም፣ ግን አልታከተም።

ትምህርት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲገባ ሌዊ ራሱ እየመጣ ይወረውርለት ጀመር። ልዑልቃል ደግሞ ኳርተርባክ ሆኖ የተማረውን ሁሉ ነገረው፤ ተከላካይ ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል፣ መቼ መቸኮል፣ መቼ መታገሥ እንዳለበት። አባዬ አላስችል ብሎት «ቦታህን ለወሰደው ልጅ ምን ብለህ ነው የምታስተምረው?» አለው።

«እሱ ጥሩ ከወረወረ የሚደርሰው ለእኔ ነው፣ አባዬ።»

 በሚቀጥለው ጊዜ ሌዊ ሲመጣ አባዬ ምሳ ሳይበላ እንዳይሄድ አደረገ።

የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ኅዳር ላይ፣ በዝናብ ነበር። ልዑልቃል ሲገፋ፣ ሲገፋ ዋለ፤ በማይክሮፎን ስሙን የጠራው የለም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሌዊ ለእሱ ወረወረ። ኳሱ ርጥብ ነው፤ ሁለት ተከላካዮች ላዩ ላይ አሉ። ቀለበ። ያገኘው ርቀት ትንሽ ነበር፣ ግን ኳሱ ለሌላው ቡድን እንዳይተላለፍ በቃ። ቀጥሎ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆሞ አንዱን ግዙፍ ልጅ እየገፋ ከመንገድ አወጣው፤ በከፈተው ክፍተት ኳሱን የያዘው ሯጭ ገብቶ አስቆጠረ። ስታዲየሙ የሯጩን ስም ሲጮህ አባዬ የማያውቃቸውን ሰዎች ትከሻ እየያዘ፣ በአማርኛ፣ «ልጄ ነው! በሩን የከፈተው ልጄ ነው!» ይል ነበር።

ሲያልቅ ቤተሰብ ወደ ሜዳ ወረደ። እማዬ ጭቃውን በነጠላዋ ጠረገችለት። አባዬ አቅፎት ብዙ ቆየ። «ኳሱን ስትይዝ አየሁህ» አለው፤ «ስትገፋም አየሁህ።»

ልዑልቃል ፕሮፌሽናል አልሆነም። አሁን ሬድመንድ ከተማ ይሠራል፤ ያኔ የጨመረውን ክብደትም ጥሎታል። ስለ ኮሌጅ ሲነሳ ግን ሲወረውር የነበረበትን ዘመን አያወራም፤ የሚያወራው ያቺን የመጨረሻ ዓመት ነው። እኔም እንደሱ ነኝ። በጥር ያገባል። አንደኛው ሚዜው ሌዊ ነው፤ ባለፈው ሳምንት አባዬ ኮል አድርጎ ሚዜ የሚጠበቅበትን ሲያስረዳው አመሸ፤ በተለይ የሙሽራዋ ቤተሰቦች በር ላይ ቆመው «አናስገባም» ሲሉ ምን ማድረግ እንዳለበት።