ወለተ ኪዳን ማን ናት?

ባሌ ቢያዝን ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ወጥቶ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ፣ አላመንኩትም። ቢሯችን ውስጥ ባለችው አንዲት ኮምፒዩተር የምንሠራው እሱና እኔ ነን። ሊያሠለጥነን ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ የተደበቀ ፋይል የሚያሳየውን ትእዛዝ ሲነግረን፣ እኔ ጽፌ ይዤው ነበር። ቢያዝን ለምሳ ሲወጣ ሞከርኩት። በፈረንጅ ፊደል «ወለተኪ» የሚል፣ ድሮ የማላውቀው ፋይል ብቅ አለ። ከፈትኩት።

«ወለተ ኪዳን። ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ዘጌ። ሰገነት እንዳትሰማ።»

ሰገነት እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ። አማቴ ወይዘሮ የሺመቤት ከሞቱ ገና አርባ ቀን አልሞላቸው! «የኢሠፓ አባል ነኝ» ብሎ በቀብራቸው ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ የቆመ፣ ተዝካር አላወጣም ያለ ሰው፣ ለውሽማ ሲሆን ሐይቅ ይሻገራል! ልጅቷ በዐይኔ መጣች፦ የቄስ ልጅ፣ ረጅም፣ ጥርሰ በረዶ። ጠላኋት። ሮጬ ኃላፊያችንን ጓድ አንዳርጋቸውን ጠራሁ።

«ይዩልኝ ጓድ! በመንግሥት ዕቃ ሴት ይቀጥርበታል!»

ቢያዝን ያን ጊዜ ገባ። ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወለተ ኪዳን ማን ናት?» አሉት።

«ውሽማዬ ናት» አለ፣ እኔን ሳያይ።

ጓድ አንዳርጋቸው ሳቃቸውን እየዋጡ ገሠጹትና ወጡ።

ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስንሄድ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። «ከእኔ በምን ትበልጣለች?» አልኩት።

«እናቴ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «የክርስትና ስሟ ነው። አርባዋን ላወጣላት ከዘጌ ካህናት ጋር ስነጋገር ሰነበትሁ። በተዝካር ከፓርቲው ያባርሩኛል፤ በውሽማ የተባረረ ግን አላየሁም። አንቺን ደግሞ ቢጠይቁሽ መዋሸት አትችዪም ብዬ ደበቅሁሽ።»

አፈርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ በሟቿም ትንሽ ቀናሁ፤ ለእኔስ እንዲህ ስሙን ያጠፋ ይሆን ብዬ።

ቅዳሜ ጀልባው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ዐይኔ አብጦ ነበር።

«ሴትዮዋን አገኘሻት?» አሉኝ ጓድ አንዳርጋቸው በሹክሹክታ።

«አገኘኋት» አልኩ። «ይቅርታ ጠይቄያት መጣሁ።»